ቴሌቪዥኑ በሳሎን፣ ራውተሩ በሱቅ

በመጽሔታችን ላይ አስተያየት የሚጽፉ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ከፍ ያለ ርእስ ነው። ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ጊዜ ዋጋ፣ ስለ አገር ፍቅር ከእኔ የተሻሉ ጓደኞቼ ጽፈዋልና በዚያ በኩል የምጨምረው የለኝም። እኔ የምጽፈው ስለ ሽቦ ነው። ይኸውም በቤታችን ውስጥ ያሉትን ባለ ገመድ መሣሪያዎች፣ ማለት ቴሌቪዥኑን፣ የሳተላይት ሪሲቨሩንና የልጆቹን ፕሌይስቴሽን፣ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ የዋይፋይ ራውተር ጋር ስለ ማገናኘት ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ የሚታያቸው ወላጆች ቢኖሩ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለው የልጆቻቸው፣ ይልቁንም የሴቶች ልጆቻቸው ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁና።

በሮብ ገበያ የኖረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የነጋዴ ግቢ አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። ሱቁ በመንገድ ዳር ይቆማል፤ ከኋላው ግቢ አለ፤ ከግቢው ባሻገር መኖሪያ ቤቱ፣ ከእርሱም ጎን ማድ ቤቱ ይገኛል። ራውተር ወደ እንዲህ ያለው ግቢ በገባ ጊዜ የሚቀመጠው ከሱቁ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የኔትወርኩን ምልክት ደኅና አድርጎ የሚያገኘው ወደ መንገዱ በተከፈተው መስኮት በኩል ነው የሚለው ሲሆን፣ ይኸ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛውን ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ራውተሩ የሚቀመጠው ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው በሚውልበት ቦታ ነው።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ከሱቁ መስኮት እስከ ሳሎኑ መስኮት በእርምጃ ብለካው ሠላሳ ሁለት ሜትር ያህል ሆነ። በሳሎኑ ያለው ቴሌቪዥን ከጀርባው የኔትወርክ ሽቦ የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ ከአየር ላይ የሚቀበል ዋይፋይ ግን የለውም። ሪሲቨሩም እንደዚሁ ነው። ታላቅ እኅቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ የፊዚክስና የሒሳብ ትምህርቶችን በቪዲዮ መከታተል ትፈልጋለች። ስልኩ የአባቴ ነው፤ አባቴም የሚውለው ከሱቅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከሱቅ፣ ተማሪዋ ከቤት፣ በመካከላቸውም ሠላሳ ሁለት ሜትር የጭቃ ግቢ ነበረ ማለት ነው።

ይኸ ጉዳይ በቤታችን በተነሣ ጊዜ አጎቴ፣ «አያ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ሱቅ ብታመጣው ምን አለበት? ደንበኛም ኳስ እያየ ይቀመጥልሃል» ብሎ አባቴን መከረው። ይኸን አሳብ እዚህ የምጠቅሰው አጎቴን ለመንቀፍ አይደለም፤ በከተማችን ብዙ ቤቶች የሚሠሩት ይኸንኑ ስለሆነ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ይኸ ይመስለኛል። ወደ ሱቅ የወጣ ቴሌቪዥን የደንበኛ ቴሌቪዥን ነው። ከመሸ በኋላ በሱቅ ውስጥ በወንዶች መካከል ተቀምጣ ስለ ቬክተር የምትማር ልጃገረድ በሮብ ገበያ እስካሁን አላየሁም፤ ወላጆቻችንም ይፈቅዳሉ ብዬ አላስብም። ደግሞም በዚያ ሰዓት እንጀራ የምትጋግረው፣ ቡና የምታፈላው፣ ታናናሾቿን የምታስተኛው እርሷው ናት። ስለዚህ ተማሪዋ ወደ መሣሪያው ትሂድ ከማለት ይልቅ፣ መሥመሩ ተማሪዋ ወዳለችበት ይምጣ ማለት ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአጭሩ ይኸ ነው። የቀረው እንዴት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ነው፤ እርሱም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ዋይፋይ ግቢውን አቋርጦ ሳሎን ሲደርስ ስለምን እንደሚደክም ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ዋይፋዩ ደካማ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የከተማችን ስም ራሱ እንደሚያሳስበን ሮብ የገበያ ቀን ነው። በሮብ ቀን ከገበያው ወዲህ ማዶ ቆመው ከወዲያ ማዶ ካለ ሰው ጋር መነጋገር የሞከሩ ሁሉ የሚደርስባቸውን ያውቁታል። ሰውየው ድምፅዎን ቢሰማም ቃሉን አይለየውም፤ «ምን አልክ?» ይላል፤ ይደግሙለታል፤ በመካከል የበግ ነጋዴ ይጮኻል፤ እርሱ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም እንደገና ይጀምራሉ። የዋይፋይ አሠራር ከዚህ ብዙም አይለይም። መሣሪያው ከመናገሩ በፊት አየሩን ያዳምጣል፤ ሌላ የሚናገር ካለ ይጠብቃል፤ ከተናገረም በኋላ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ካላገኘ ያንኑ ይደግማል። ርቀቱ በበዛ ቁጥር ድግግሙ ይበዛል፤ ቃሉም ቀስ ተብሎ መነገር አለበት። ስለዚህ ቪዲዮው የሚቆራረጠው ምልክቱ ፈጽሞ ስለጠፋ አይደለም፤ ጊዜው በመድገምና በመጠበቅ ስለሚያልቅ ነው።

በዚህ ላይ የቤታችን አሠራር ይጨመርበታል። የዋይፋይ ሞገድ ርዝመት በ2.4 ጊጋኸርዝ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፣ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ በእንጨት በር በኩል ብዙም ሳይቸገር ያልፋል። ጭቃ ግድግዳ ያደክመዋል፤ በክረምት ግድግዳው እርጥበት በያዘ ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ ውኃ እንዲህ ያለውን ሞገድ የሚውጥ ነገር ነውና። ቆርቆሮ ግን ከናካቴው ይመልሰዋል። የሱቃችን የጀርባ በር ቆርቆሮ ነው። ማታ ማታ አባቴ ያንን በር ሲዘጋ ኢንተርኔቱም አብሮ እንደ ተዘጋ ሆኖ ይታየን ነበር፤ ታናሽ ወንድሜም «ሱቅ ሲዘጋ ዋይፋይም ይዘጋል» የሚል እምነት ነበረው። እምነቱ ከፊዚክስ ብዙም የራቀ አልነበረም።

እንግዲህ በርቀት የሚደክመው የአየር መሥመር ከሆነ፣ ቀጥተኛው መልስ ሽቦ መዘርጋት ነው። ሽቦን የሚንቁ ጓደኞች አሉኝ። «በዚህ ዘመን ሽቦ?» ይላሉ። እነዚህ ጓደኞቼ ኤተርኔት የሚባለው የኮምፒዩተር ሽቦ የተወለደው ከሬዲዮ መሆኑን ቢያውቁ ይገረሙ ይሆናል። የሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ልዩ ደሴቶች ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች በሬዲዮ ከኮምፒዩተሩ ጋር ለማገናኘት፣ በኖርማን አብራምሰን መሪነት አሎሃኔት የተባለውን መሥመር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ሥራ አስጀመረ። ቦብ ሜትካፍ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይኸን ሥራ አጥንቶ፣ ብዙዎች በአንድ አየር ላይ በየተራ የሚነጋገሩበትን ዘዴ ወደ ሽቦ አመጣውና በ1973 ዜሮክስ በተባለው ኩባንያ የምርምር ቤት ኤተርኔትን አሰበ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1997 ነው። ስለዚህ በዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ሽቦው ታላቅ፣ ዋይፋዩ ታናሽ ነው፤ ታላቅን ደግሞ ማክበር ይገባል።

ሽቦው ምን እንደሚመስል ላላያችሁ ልግለጽ። በአንድ የፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ሹሩባ ተጠምዝዘው ይገኛሉ። የተጠመዘዙት ለጌጥ አይደለም። ከውጭ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ሁለቱን ክሮች እኩል እንዲነካና መሣሪያው ልዩነታቸውን ብቻ አንብቦ ሁከቱን እንዲያጠፋው ነው። ካት 5 ኢ የሚባለው ሽቦ ሳይደክም እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ያስተላልፋል። ቴሌቪዥኖች ከጀርባቸው ያላቸው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚቀበል ነው፤ ይኸም ቢሆን ያሳስባል የሚሉትን አልቀበልም፤ ጥርት ላለ ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ያህል ይበቃልና። ጫፉ ላይ የሚገባው አርጄ 45 የሚባለው የፕላስቲክ ሰኪ ነው። ክሮቹን በተለመደው ተራ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ነጭና ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። ይኸን ተራ በቃሌ የያዝኩት ከኬሚስትሪው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ በፈጠነ ጊዜ መሆኑን መምህሬ እንዳይሰሙ።

ሽቦ ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። በርካሽ ከሚሸጡት መካከል ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ አለ። ይኸ ሽቦ ለአጭር ርቀት ይሠራ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ በረጅም ርቀትም ይደክማል። ለመለየት የክሩን ጫፍ በምላጭ መፋቅ ነው። ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው፤ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ሻጩ ሲፋቅ ቅር ካለው መልሱን ሰጥቷችኋል።

እስከዚህ ድረስ ስላነበባችሁ፣ «ታዲያ ሠላሳ ሁለት ሜትሩን ሽቦ ዘርግታችሁ ተገላገላችሁ» ትሉኝ ይሆናል። አልዘረጋንም። አባቴ ፈቅዶ ነበር፤ አጎቴም ሽቦውን ከሱቁ ጣራ ወደ ቤቱ ጣራ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ሊወጥረው መሰላል ይዞ መጥቶ ነበር። የተቃወምኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቴም መብረቅ ነው።

በእኛ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ክረምት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከብቸና እስከ ሞጣ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከሰኔ እስከ መስከረም መብረቅ በየቀኑ የሚሰማበት ሳምንት አለ። መብረቅ ጉዳት የሚያደርሰው ሽቦውን በቀጥታ ሲመታ ብቻ አይደለም፤ በአቅራቢያ ሲወርድም በረጅም የመዳብ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስነሣል። ከዚህም በላይ የሁለት ቤቶች መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። መብረቅ መሬት በገባ ጊዜ በሱቁና በቤቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፤ ያን ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኘው መዳብ የልዩነቱ መንገድ ይሆናል። የሚቃጠለው ራውተሩና ቴሌቪዥኑ ብቻ ቢሆን እሰየው ነው፤ በዚያ ጫፍ የተቀመጠ ልጅም ሊኖር ይችላል። በከተማችን ግን ከግቢ ወደ ግቢ፣ አልፎ አልፎም በመብራት ምሰሶ ላይ ታስረው የተወጠሩ እንዲህ ያሉ ሽቦዎችን አያለሁ። የመብራቱ መሥመር 220 ቮልት የያዘ ነው፤ ከእርሱ ጋር የተጠላለፈ የኔትወርክ ሽቦ ለቤቱ እሳት ይዞ እንደ መግባት ያህል አደገኛ ነው። ይኸን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ ክረምቱ ሳይገባ እንዲወርዱ ነው።

ከዚህ የተነሣ የምከተለው ሥርዓት እንዲህ ነው። በአንድ ጣራ ሥር ላለ ርቀት ሽቦን የሚያህል የለም። ከአንድ ጣራ ወደ ሌላ ጣራ ለመሻገር ግን መዳብ አይሁን። ውስጡ ብረት የሌለበት የመስታወት ክር፣ ማለት ፋይበር፣ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ከሁሉ የተሻለ ነበር፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ግን ሥራውም ዋጋውም ይከብዳል። የቀረው አየር ነው።

«አየሩ ይደክማል አላልክም?» የሚለኝ አንባቢ ትክክል ነው። ነገር ግን ማን ነው የሚሰማው የሚለው ነገር ብዙ ለውጥ ያመጣል። የቴሌቪዥንን ታሪክ እንመልከት። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰው ቴሌቪዥን ሲገዛ አንቴና ይገዛ ነበር። አንቴናው በጣራ ላይ ይተከላል፤ ከአየር የተቀበለውንም በሽቦ ወደ ቤት ያወርደዋል። ዛሬ በየጣራችን ላይ ያለውም ዲሽ እንደዚሁ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቆሞ የላከውን ሞገድ ዲሹ ይቀበላል፤ የመጨረሻውን አሥራ አምስት ሜትር ግን የሚመጣው በሽቦ ነው። ይኸን ያህል ርቀት በአየር፣ ይኸን ያህል ቅርበት በሽቦ ሲባል ማንም አይገርመውም። ታዲያ ለኢንተርኔቱ ስለምን እንዲህ አናደርግም?

ይኸን የሚሠራው መሣሪያ በእንግዳ ስሙ ብሪጅ፣ በእኛ ቋንቋ ድልድይ ይባላል። ድልድዩ በሳሎኑ መስኮት ላይ፣ የሱቁ መስኮት በሚታይበት ቦታ ይቀመጣል። በአንድ ወገኑ ዋይፋይ ይቀበላል፤ በሌላ ወገኑ ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ከቀዳዳዎቹ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ወደ ሪሲቨሩና ወደ ፕሌይስቴሽኑ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር የማይሞሉ ሽቦዎች ይሄዳሉ። መሣሪያዎቹ ሁሉ በሽቦ የተገናኙ ይመስላቸዋል እንጂ ግቢውን በአየር እንደተሻገሩ አያውቁም። የቆርቆሮው በር ቢዘጋም ግድ የለም፤ መንገዱ በሁለቱ መስኮቶች በኩል ነውና። ለዚህ ሲባል በሱቅ ያለውን ራውተር ወደ ግቢው ከሚያየው መስኮት አጠገብ ማዛወር አስፈልጎ ነበር። አባቴ የኔትወርኩ ምልክት ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ በሁለቱም ቦታ አድርገን ፍጥነቱን ብንለካው የሚያሳስብ ልዩነት አልተገኘም።

አዲስ ድልድይ መግዛት ግዴታ አይደለም። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተጣለ አሮጌ ራውተር አለ። ሁሉም ባይሆን እንኳ ብዙዎቹ በማስተካከያ ገጻቸው ላይ ክላየንት ወይም ብሪጅ ወይም ደብሊው ዲ ኤስ የሚል ምርጫ አላቸው። ያንን መርጦ የዋናውን ራውተር ስምና የይለፍ ቃል መስጠት፤ አሮጌው ራሱ አድራሻ ማደል እንዲያቆም ዲ ኤች ሲ ፒ የሚለውን ማጥፋት፤ የራሱንም አድራሻ ከዋናው የተለየ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌው 192.168.1.2 ይሁን። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥም አይረሳ፤ ያንን ቃል የሚያውቁት የከተማችን ልጆች ጥቂት አይደሉም። የእኛን አሮጌ ራውተር ከባሕር ዳር ያመጣችልን የአክስቴ ልጅ ናት። ለበር ማስደገፊያ ሲያገለግል ነበር አለች።

ሌሎች ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ በአጭሩ ላንሣቸው። አንደኛው ሪፒተር የሚባለው ነው። ይኸ በገበያው መካከል ቆሞ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው ጮኾ እንደሚያደርስ መልእክተኛ ነው። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ሪፒተር እያንዳንዱን ቃል አንድ ጊዜ ለመስማት፣ አንድ ጊዜ ለመናገር ጊዜ ይወስዳልና ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ ከሌለውም ለእንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ምንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ኢንተርኔቱን በቤቱ የመብራት ሽቦ ውስጥ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። በሌላ አገር ሲመሰገን እንሰማለን። በእኛ ከተማ ግን አንድ ቆጣሪ ለሁለትና ለሦስት ቤት በሚያገለግልበት ግቢ ምልክቱ ጎረቤት ሶኬት ድረስ ይሄዳል፤ የምሥጢር ቁልፉ ካልተስተካከለ ጎረቤትም ይገባበታል። ለቴሌቪዥኑ የምንጠቀምበት ስታቢላይዘርም ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ አልመክረውም።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ጥያቄ ልመለስ፤ ይኸውም ገንዘብ ነው። ድልድዩ ቪዲዮውን ያፈጥናል እንጂ ጥቅሉን አያበዛም፤ እንዲያውም በቶሎ ያስጨርሰዋል። መሥመሩ ሲፈጥን ቴሌቪዥኑ ሳይጠይቅ ከፍተኛውን ጥራት ይመርጣልና። በከፍተኛ ጥራት አንድ ሰዓት መመልከት ከ1 ተኩል እስከ 3 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል፤ በ480 ጥራት ግን ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይበቃል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀመር በ480 ጥራት በደንብ ይነበባል፤ የኳሱ ተጫዋች የማልያ ቁጥር አይነበብ ይሆናል። ጥራቱ ዝቅ ይበል ብዬ የምከራከረውም ስለዚህ ነው። አጎቴ በዚህ እስካሁን አልተስማማም።

ልጆች በፕሌይስቴሽንና በፊልም ይበላሻሉ፣ መሥመሩን ወደ ሳሎን ማምጣት ጥፋትን ማምጣት ነው የሚሉ ወላጆችም አሉ። እኔ እንደማየው ግን ልጅ በፕሌይስቴሽን ቤት ተደብቆ ሳንቲም እየከፈለ ከሚጫወትና እናቱ በምታየው ሳሎን ከሚጫወት የትኛው እንደሚሻል ማወዛገብ የለበትም። ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ሳሎን ከስልክ ይልቅ የተገለጠ ቦታ ነው። ስልክ በብርድ ልብስ ሥር ይገባል፤ ቴሌቪዥን አይገባም።

ጉዳዩን ከፍ አድርጌ የምናገረው ስለ ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ያህል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀመረ። የቪዲዮ ትምህርት ብቻውን ይኸን ይለውጣል አልልም። ነገር ግን ወንዶቹ ተማሪዎች ሱቅ ተቀምጠው፣ ከካፌ ደጃፍ ቆመው ኢንተርኔት ሲያገኙ፣ በቤት የሚውሉት ልጃገረዶች ራውተሩ ሠላሳ ሁለት ሜትር ስለራቀ ብቻ ሲቀሩ ማየት፣ ያውም ወርኃዊ ክፍያው ለሁሉም በተከፈለበት ቤት፣ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ወላጆቻችንና አንዳንድ መምህራኖቻችን በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ያስታውሱታል። ትምህርቱ ከሳተላይት ወርዶ በሽቦ ወደ ክፍል ይገባ ነበር። መምህሩ በመስታወቱ ላይ ሆኖ ያስተምራል፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖርም አይጠብቅም፤ መብራት ሲጠፋ ያመለጠው አመለጠ ማለት ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር የተቀመጠ ቪዲዮ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። እኅቴ ስለ ተወርዋሪ አካላት የሚናገረውን ትምህርት አራት ጊዜ አስቁማ አየችው፤ በመካከል እንጀራ አውጥታ ተመልሳለች።

ሌላም ነገር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ሰው ራውተሩን ነቅሎ አስቀመጠው። ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተርንና ቴሌቪዥንን የሚያገናኘው መሥመር ከውጭው ኢንተርኔት ጋር ጉዳይ የለውም። በኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ በራውተሩ በኩል አልፎ በቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል፤ አንድ ሳንቲምም አይቆጥርም። ይኸ ለቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለትምህርት ቤትም ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት በኩል ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ የማቀርበው አሳብ አለኝ። በቤተ መጻሕፍታችን ያለው ኮምፒዩተር ሰፊ ማስቀመጫ አለው። ቤተ መጻሕፍቱና ሦስቱ የ12ኛ ክፍል ክፍሎች በአንድ ጣራ ሥር ስለሆኑ የመብረቁ ነገር እንደ ሁለት ሕንፃ አያሳስብም። በክፍሎቹ ያሉት ሦስት ቴሌቪዥኖች ሁሉም ከጀርባቸው የሽቦ ቀዳዳ አላቸው፤ አይቻቸዋለሁ፤ በሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ ሸረሪት ድሩን ሠርቷል። የሚያስፈልገው ስምንት ቀዳዳ ያለው አንድ ስዊች፣ ጥቂት አርጄ 45 ሰኪዎች፣ አንድ ክሪምፐር የሚባል ጉጠትና ሽቦ ነው። ሽቦው በካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠው 305 ሜትር ሆኖ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሦስቱ ክፍሎች በኮርኒሱ ላይ የሚሄደውን መንገድ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሜትር ለክተነዋል። ወደ አንደኛው ክፍል 24፣ ወደ ሁለተኛው 33፣ ወደ ሦስተኛው 42 ሜትር ሲሆን፣ በድምሩ 99 ሜትር ነው። የሚተርፈው ለመምህራን ክፍልና ለቤተ ሙከራው ይበቃል፤ የክሮቹን ተራ የሚያውቁ ሰባት ተማሪዎች አሉን፤ ከነዚህም አራቱ ልጃገረዶች ናቸው።